የቅበላ ጅረት፦ በአነጻጻሪ አይሲ የመግለጫ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚገኙ የውፅአት ስያሜዎች

በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የመግለጫ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ የሚይዝ፣ ነገር ግን ተርጓሚን ከብዙዎቹ መስመሮች ይልቅ የሚያስት ስያሜ አለ። እንግሊዝኛው «አውትፑት ሲንክ ከረንት» ይለዋል። ይህ ጽሑፍ ስያሜው ምን እንደሚል፣ አብረውት የሚሰፍሩት የቮልቴጅ ቁጥሮች እንዴት እንደሚያስሩትና በአማርኛ ምን ሊባል እንደሚገባው ለመመርመር የቀረበ ነው። ምሳሌዎቹን ከባሌ ደጋ፣ ከሮቤና ከጎባ አካባቢ ወስደናል። ከኤሌክትሪክ መሥመር ርቀው በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትናንሽ መሣሪያዎች የጠራ ትርጉም የሚሹት እንዲህ ባለ ስፍራ ነው፤ ደግሞም የባሌ ወንዞችና የባሌ ብርድ ለዚህ ስያሜ ትርጓሜ የሚጠቅም ምስክርነት አላቸው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው «ኮምፓሬተር» የሚለው አይሲ ሁለት ግብአቶችና አንድ ውፅአት አለው። ሥራው በአንዱ ግብአት ላይ ያለው ቮልቴጅ በሌላው ላይ ካለው ይበልጥ ወይም ያንስ እንደ ሆነ መናገር ብቻ ነው፤ በስንት እንደሚበልጥ አይናገርም። ስሙን «አወዳዳሪ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ይሁንና ውድድር ሽልማትና ተሸናፊ ያለበት ነገር ስለሆነ፣ «አነጻጻሪ» የሚለው ይሻላል እንላለን። ከአነጻጻሪዎች ሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ኤል ኤም 393 ነው። በአንድ ገላ ሁለት አነጻጻሪዎች ይዟል፤ ታላቅ ወንድሙ ኤል ኤም 339 ደግሞ አራት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቁጥሮች በኤል ኤም 393 የተለመደ ሠንጠረዥ ላይ የሚገኙ ናቸው።

የዚህ አይሲ ውፅአት አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ከራሱ ጅረት አውጥቶ ለሌላ አይሰጥም። በውፅአቱ እግርና በጋራው መስመር መካከል አንድ ትራንዚስተር ተቀምጧል፤ መልሱ «ያንሳል» ሲሆን ትራንዚስተሩ ይከፈትና ከውጭ የመጣውን ጅረት ተቀብሎ ወደ ጋራው መስመር ያሳልፋል፤ መልሱ «ይበልጣል» ሲሆን ግን በሩን ዘግቶ ዝም ይላል። ዝም ባለ ጊዜ የውፅአቱን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው ከምንጩ ጋር በውጭ የተያያዘ ሳቢ ሬዚስተር ነው። የዚህ ዓይነቱ አሠራር በእንግሊዝኛ «ኦፕን ኮሌክተር» ይባላል። «ክፍት ሰብሳቢ» ብለን ብንመልሰው አንባቢው ስብሰባ የሚመራ ሰው እንዳያስብ ያሠጋልና፣ «ክፍት ኮሌክተር» ብሎ መተው ይሻላል። ከትራንዚስተር ሦስት እግሮች አንዱ ብቻ በአማርኛ ተጠርቶ ሁለቱ በውጭ ቃል መጠራታቸውም ደግ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ስያሜው እንመለስ። «ሲንክ» በእንግሊዝኛ ግስ ሲሆን መስመጥ ማለት ነው፤ ስም ሲሆን ውሃ የሚፈስበትን የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ይጠራል። «የሚሰምጥ ጅረት» ቢባል ግሱ የተሳሳተ ነው፤ የሚሰምጠው ነገር ታች ወርዶ የሚቀር ነውና። በኤሌክትሮኒክስ ግን የገባው ጅረት አይቀርም፤ በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ይወጣል። ለዚህ ከባሌ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ ከሮቤ በስተምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ይውጠዋል፤ ይህም በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራውና የሙስሊሞች የተከበረ ስፍራ የሆነው ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች ሲለኩት መተላለፊያዎቹ በድምሩ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ወንዙ በአንድ አፍ ይገባል፤ በዓምዶቹ መካከል ያልፋል፤ በሌላ አፍ ወጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። በላይኛው አፍ ላይ ቆሞ ለሚያየው ወንዙ ጠፍቷል። የአነጻጻሪውም ውፅአት ከጭነቱ በኩል ሆኖ ለሚያየው እንደዚሁ ነው፦ ጅረቱ ገባ፣ ተዋጠ፤ ነገር ግን በጋራው መስመር በኩል ወደ ባትሪው ተመልሷል።

ታዲያ «የሚዋጥ ጅረት» ማለት አይበቃምን? ምሳሌው ያምራል፤ ስያሜው ግን ሁለት ጉድለት አለበት። መዋጥ በአማርኛ ተመልሶ መውጣትን አያስከትልም፤ ሁለተኛም የፊዚክስ ጸሓፊዎች ብርሃንና ድምፅ ስለሚውጡ ቁሶች ሲናገሩ ይኸንኑ ግስ ይጠቀሙበታል፤ በዚያ ደግሞ የተዋጠው ነገር በእርግጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። «ማፍሰስ»ን መምረጥም የባሰ ችግር ያመጣል። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚያፈስ እንስራ እንላለንና፣ «አፍሳሽ ውፅአት» የተባለ እንደ ሆነ አንባቢ የሚረዳው ብልሽትን ነው። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በዚያው ሠንጠረዥ ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ ትራንዚስተሩ ዝግ ሳለ ሾልኮ የሚያልፍ ጅረት ለብቻው ተመዝግቧል። ይህኛው በ5 ቮልት ላይ በተለምዶ 0.1 ናኖ አምፔር ነው፤ ያኛው ሚሊ አምፔሮች ነው። ሁለቱን በአንድ ሥር ግስ የጠራ ትርጉም አንባቢውን ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ለሚሆን ስሕተት አሳልፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ የኋለኛውን «ሾላኪ ጅረት» ብለን እንለየው፤ «ማፍሰሻ» የሚለውንም በሌላው የትራንዚስተር ወገን «ድሬይን» ለሚባለው እግር እንጠብቀው።

«ተቀባይ» ይቅረበን ያልነው በሌላ ምክንያት ነው። ሬዲዮ ተቀባይ አለው፤ ከዚህም በላይ በከፊል አስተላላፊዎች ጥናት ውስጥ ለጋሽና ተቀባይ የሚባሉ ባዕድ አተሞች አሉ። ስለ ትራንዚስተር በሚናገር ገጽ ላይ ያው ቃል በሁለት ትርጉም ሲመጣ ግራ ያጋባል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ቅበላ» ግን ነፃ ነው። እርግጥ ነው፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለውን የግብዣ ሰሞን ያስታውሳል፤ የዩኒቨርሲቲ መዝጋቢዎችም የተማሪዎች ቅበላ ይላሉ። በሁለቱም አገባብ የሚመጣን ነገር በልክ መቀበል ማለት እንጂ ማስቀረት ወይም ማጥፋት ማለት አይደለምና፣ ለስያሜያችን የሚስማማ ነው። በሠንጠረዥ ርእስነት «የውፅአት ቅበላ ጅረት»፣ በሐተታ ውስጥ «ውፅአቱ የሚቀበለው ጅረት» ቢባል፣ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደ ሆነ ከአገባቡ ይታወቃል።

ተቃራኒው «ሶርስ ከረንት» ነው፤ ውፅአቱ ራሱ አውጥቶ ለጭነቱ የሚሰጠው። «ምንጭ» የሚለው ቃል እዚህ በሚገባ ይሠራል፤ ጅረትም ምንጭም የውሃ ቃላት ናቸው። ኦሮምኛም ለዚሁ «መዳ» የሚል ቃል አለው፤ በደቡብ ባሌ ያለው የመዳ ወላቡ ስምና ስሙን ወርሶ በሮቤ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ቃሉን ለአማርኛ አንባቢም አስለምደውታል። ነገር ግን በአማርኛ የቃላቱ ቅደም ተከተል ትርጉም ይለውጣል። «የጅረት ምንጭ» ማለት ጭነቱ ቢለዋወጥም ያልተለወጠ ጅረት የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሰርኪዩት ነው፤ «የምንጭ ጅረት» ደግሞ ከባትሪው የሚመጣውን ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ ለውፅአቱ «የስጦታ ጅረት» ብለን ከ«ቅበላ» ጋር ጥንድ እናደርገው ዘንድ እናሳስባለን። ኤል ኤም 393 የስጦታ ጅረት የሚል መስመር የለውም፤ ተርጓሚው መስመሩ ተረስቶ ይሆናል ብሎ ሊሞላው አይገባም።

ስያሜው ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ቁጥሩ ነው፤ ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ5 ቮልት ምንጭ የቅበላ ጅረት ቢያንስ 6፣ በተለምዶ 16 ሚሊ አምፔር ነው ይላል ሠንጠረዡ። ነገር ግን በግራው ዓምድ በትናንሽ ፊደል «የውፅአቱ ቮልቴጅ ከ1.5 ቮልት በማይበልጥበት ጊዜ» የሚል ሁኔታ ተጽፏል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ መስመር አለ፤ ውፅአቱ ከ4 ሚሊ አምፔር የማይበልጥ ሲቀበል በእግሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ በተለምዶ 250፣ ቢበዛ 400 ሚሊ ቮልት ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድ በር ላይ የተነገሩ ሁለት ቃል ኪዳኖች ናቸው። በሩ ብዙ ጅረት ሲያሳልፍ በእግሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፤ ጥቂት ሲያሳልፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የጅረቱን ቁጥር ያለ ቮልቴጁ፣ ወይም የቮልቴጁን ያለ ጅረቱ የጻፈ ትርጉም የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ብቻ ጽፏል። የሁኔታ ዓምድ ማስጌጫ መስሎት የሚያሳጥር አታሚ ቢኖር ተርጓሚው ሊከለክለው ይገባል።

የቀሪው ቮልቴጅ ስም ራሱ አስተያየት ይሻል። እንግሊዝኛው «ሳቹሬሽን ቮልቴጅ» ይላል፤ የኬሚስትሪን ቃል ተከትለን «የሙሌት ቮልቴጅ» ብንል ትክክል ነው፤ የሞላው ግን ትራንዚስተሩ እንጂ ቮልቴጁ አይደለም። ሙሌት ሲባል አንባቢ ከፍተኛውን መጠን ይጠብቃል፤ እዚህ የሚለካው ግን ወደ ዜሮ ሊወርድ ሞክሮ ያልወረደው ትርፍ ነው። «ቅሪት ቮልቴጅ» ቢባል ነገሩን በቀጥታ ያሳያል። በመጀመሪያው ስፍራ «የትራንዚስተር ሙሌት ቅሪት ቮልቴጅ» ብሎ ጽፎ ከዚያ በኋላ «ቅሪት ቮልቴጅ» ማለት በቂ ይመስለናል።

በ«ሚኒመም» እና በ«ማክሲመም» ዓምዶች ላይም ልማዳችን አደገኛ ነው። ብዙ ጊዜ «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» እንላለን። በአማርኛ ግን «ዝቅተኛ ጅረት፦ 6 ሚሊ አምፔር» የተባለ ነገር ትንሽ ጅረት ማለትም ነው፤ «ከፍተኛ ቮልቴጅ፦ 400 ሚሊ ቮልት» የሚለውንማ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢያየው ይስቃል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለእርሱ በብረት ምሰሶዎች ላይ የሚሄደው ነውና። «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ያህል ናቸው፤ አምራቹ የገባውን ዋስትና አቅጣጫ ይናገራሉ። የቅበላ ጅረት ዋስትና ያለው በ«ቢያንስ» ዓምድ፣ የቅሪት ቮልቴጅ ዋስትና ያለው በ«ቢበዛ» ዓምድ ነው። በመካከሉ ያለው «በተለምዶ» የብዙዎቹን አይሲዎች ጠባይ ይነግራል እንጂ በእጅ ስላለው አንዱ አይሲ ቃል አይገባም። ይህን ሳያስተውል 16ን የወሰደ ሰው ምን እንደሚደርስበት በምሳሌ እናሳይ።

ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የጤና ኬላ አለ እንበል፤ የክትባት ማቀዝቀዣው በፀሐይ ኃይል ይሠራል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቀመጥ ስላለበት፣ ባትሪው ሲደክም የሚያስታውቅ መሣሪያ በአንድ አነጻጻሪ ተሠርቷል። ሠሪው «ውፅአቱ 16 ሚሊ አምፔር ይሰጣል» የሚል ትርጉም አንብቦ፣ 12 ቮልት የሚፈልግና ጥቅልሉ 400 ኦም የሆነ ሪሌ በምንጩና በውፅአቱ መካከል አገናኘ። ሪሌው የሚፈልገው 30 ሚሊ አምፔር ነው። ውፅአቱ 16 ብቻ ቢቀበል በጥቅልሉ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ 6.4 ነው፤ የቀረው 5.6 ቮልት በአነጻጻሪው ራስ ላይ ይወድቃል፤ ወደ 90 ሚሊ ዋት የሚሆን ሙቀትም ይወጣል። አይሲው በዚያች ሰዓት ላይቃጠል ይችላል። ሪሌው ግን ከሚፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ስላገኘ ላይስብ ይችላል፤ ደወሉም አይጮኽም፤ ባትሪው መድከሙን ማንም ሳያውቅ ክትባቱ ይሞቃል። በትርጉሙ ውስጥ የተሳሳተው «ይሰጣል» የሚለው ግስና የ«በተለምዶ» መታጣት ነው፤ ቁጥሩ ራሱ በትክክል ተገልብጧል።

ያው ሠሪ በሪሌው ፈንታ ቀይ ኤል ኢ ዲ ቢያበራ፣ ሠንጠረዡን እስከ ሁኔታዎቹ ያነበበ እንደ ሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ቀይ ኤል ኢ ዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ ቅሪቱ ቢበዛ 0.4 ነው፤ ከ12 ቮልት 9.6 ይቀራል። ይህን ለ4 ሚሊ አምፔር ቢያካፍል 2,400 ኦም ያገኛል። ይሁንና የእርሳስ አሲድ ባትሪ በቀን ፀሐይ ሲሞላ 14.4 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚያን ጊዜ ያው ሬዚስተር 5 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። ይህ ከ6 ያንሳል፤ ነገር ግን የ0.4 ቮልቱ ዋስትና የተሰጠው እስከ 4 ድረስ ነበር። 3,300 ኦም ቢያደርገው ቅሪቱን ዜሮ ብለን እንኳ ብናስብ ከ3.8 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። ሪሌ የግድ ካስፈለገ፣ ውፅአቱ ሌላ ጠንካራ ትራንዚስተር እንዲያዝዝ ማድረግ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በ25 ዲግሪ ነው። የባሌ ደጋ ግን 25 ዲግሪ አይደለም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከእርሷም ከፍ ትላለች፤ ሳነቴ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በሳነቴ በበጋ ሌሊት ውሃ ይረጋል። የተለመደው ኤል ኤም 393 ዋስትና የሚሰጠው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ነው። በዚህ ክልል ሙሉ የቅሪት ቮልቴጁ ጣሪያ ከ400 ወደ 700 ሚሊ ቮልት ከፍ ይላል፤ ከዜሮ በታች ግን ሠንጠረዡ ዝም ይላል። ዕቃው ሥራውን ያቆማል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ቃል አልገባም ማለት ነው። እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ዋስትና ያለው ኤል ኤም 2903 ነው፤ ኤል ኤም 193 ደግሞ እስከ 55 ይወርዳል። አብዛኞቹ የመግለጫ ወረቀቶች እነዚህን ወንድማማቾች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ስለሚያቀርቡ፣ ተርጓሚው ዓምዶቹን ለማጠጋጋት ሲል አንዱን ቢያወጣ ለሳነቴ የሚስማማውን ያወጣ ይሆናል። በእንግሊዝኛው ላይ «በሙሉው የሙቀት ክልል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ በደማቅ ፊደል ወይም በትንሽ ኮከብ ብቻ ይመለከታል፤ በአማርኛው ኅትመት ደማቁ ፊደል ከጠፋ ሐሳቡም አብሮ ስለሚጠፋ በቃል መጻፍ አለበት።

ስለ ምልክቶች ሁለት ነገር እንጨምር። አንዳንድ አምራቾች ከእግሩ የሚወጣን ጅረት የመቀነስ ምልክት አስቀድመው ይጽፉታል፤ የሚገባውን ያለ ምልክት ይተዉታል። በእነርሱ ሠንጠረዥ ስጦታና ቅበላ የሚለዩት በዚያች ሰረዝ ነው፤ አራሚው ደግሞ የመስመር መለያ መስላው ሊያወጣት ይችላል። «ግራውንድ» የሚለውንም ሁልጊዜ «መሬት» ማለት አይገባም። በባትሪ በሚሠራ ሣጥን ውስጥ አፈር የሚነካ ሽቦ የለም፤ «የጋራ መስመር» ቢባል ከሣጥኑ ውጭ ብረት የሚቀብር ሰው አይኖርም።

የመለኪያ አህጽሮቶች ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሠጉናል። ሚሊ፣ ማይክሮ፣ ሜጋ በአማርኛ አንድ ፊደል ናቸው፤ የሚለዩት በሣልስ፣ በራብዕና በኃምስ ብቻ ነው። «6 ሚ.አ.» እና «6 ማ.አ.» መካከል አንድ ሺህ እጥፍ አለ፤ የማባዣ ወረቀት ያደበዘዘው ቅጥያ ደግሞ በቀላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። በአነጻጻሪው ሠንጠረዥ ላይ የቅበላ ጅረት በሚሊ፣ ሾላኪው ጅረት በ25 ዲግሪ በናኖ፣ በሙሉው የሙቀት ክልል ቢበዛ በማይክሮ አምፔር ይሰጣል፤ ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። ስለዚህ በአማርኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ሚሊ አምፔር፣ ማይክሮ አምፔር፣ ናኖ አምፔር ተብለው በሙሉ ስማቸው እንዲጻፉ እናሳስባለን፤ ዓምዱ ቢጠብ ስሙን በሁለት መስመር ከፍሎ ማስፈር ይቻላል።